ጄኔራል ሪላቲቪቲ በመጀመሪያ ዲግሪ የፊዚክስ ትምህርት የት ይቀመጥ? የአንድ ትምህርት ክፍል የጉዳይ ጥናት

መግቢያ

አንስታይን የስበት ንድፈ ሐሳቡን፣ ማለትም ጄኔራል ሪላቲቪቲን፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1915 አጠናቅቆ ካቀረበ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። ይሁን እንጂ በብዙ የፊዚክስ ትምህርት ክፍሎች ተማሪው ኳንተም ሜካኒክስን ሁለት ሴሚስተር ሙሉ ተምሮ፣ ጄኔራል ሪላቲቪቲን ግን በስም ብቻ አውቆ ይመረቃል። ይህ ጽሑፍ በአገራችን የሚገኝ የአንድ መንግሥታዊ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ትምህርት ክፍል ንድፈ ሐሳቡን በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ የት እንደሚያስቀምጥ ለመወሰን ያለፈበትን መንገድ ይመዘግባል። የክለሳ ኮሚቴው አባል ስለነበርኩ ሂደቱን ከቅርብ ተከታትያለሁ። የዩኒቨርሲቲውም ሆነ የመምህራኑ ስም አልተጠቀሰም።

የትምህርት ክፍሉ ሁኔታ

የፍሬሽማን ፕሮግራም በ2012 ዓ.ም. ተመልሶ ከመጣ ወዲህ የመጀመሪያ ዲግሪው አራት ዓመት ቢሆንም፣ የመጀመሪያው ዓመት ለጋራ ኮርሶች ስለሚውል ለፊዚክስ የሚቀረው ሦስት ዓመት ነው። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ መካኒክስ፣ ኤሌክትሮማግኔቲዝም፣ ሞደርን ፊዚክስ፣ የፊዚክስ የሒሳብ ዘዴዎች፣ ክላሲካል ሜካኒክስ፣ ኳንተም ሜካኒክስ፣ ስታቲስቲካል ፊዚክስ፣ ኑክሌር ፊዚክስ፣ ሶሊድ ስቴት እና ኤሌክትሮኒክስ ይሰጣሉ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ተመራቂው የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት፤ ፈተናው በዋና ዋና ኮርሶች ላይ ስለሚያተኩር ተማሪውም መምህሩም ጊዜውን የሚመድበው ያንን እያሰበ ነው።

ስፔሻል ሪላቲቪቲ፣ ማለትም ስበትን የማይጨምረው የአንስታይን ቀዳሚ ንድፈ ሐሳብ፣ በሞደርን ፊዚክስ መጀመሪያ ላይ በጥቂት ሳምንታት ይሰጥ ነበር። ተማሪው የጊዜ መርዘምን፣ የርዝመት ማጠርንና የመጠነ ቁስና የኃይልን (ኢነርጂን) ዝምድና በቀመር ያሰላል፤ የቦታና የጊዜን አንድነት የሚያሳየውን ዲያግራም ግን አይስልም፣ ተመልካቹ ማንም ቢሆን የማይለወጠውን የቦታ-ጊዜ ርቀትም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ጄኔራል ሪላቲቪቲ በሥርዓተ ትምህርቱ ሰነድ ላይ በምርጫ ኮርስነት ሰፍሮ ይገኝ ነበር፤ ይሁን እንጂ በዘርፉ የሠለጠነው መምህር ለትምህርት ውጭ ከሄደ በኋላ ኮርሱ ሳይከፈት ዓመታት አልፈዋል።

ጉዳዩን እንደገና ያስነሡት ተማሪዎች ናቸው። የስበት ሞገድ (የቦታ-ጊዜ ንዝረት) እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2015 ተመዝግቦ በፌብሩዋሪ 2016 ይፋ ሲደረግ፣ የኤም 87 ጋላክሲ ጥቁር ጉድጓድ ምስል በኤፕሪል 2019 ሲወጣ፣ የ2020 የፊዚክስ ኖቤል ለጥቁር ጉድጓድ ጥናት ሲሰጥ፣ ተማሪዎች ወደ መምህራን ቢሮ ጥያቄ ይዘው ይመጡ ነበር። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ አካባቢ የታየው የቀለበት ቅርጽ የፀሐይ ግርዶሽም ጥያቄውን አብዝቶታል። የ1919 እ.ኤ.አ. ግርዶሽ የከዋክብት ብርሃን በፀሐይ አጠገብ ሲያልፍ መታጠፉን ካሳየ፣ የላሊበላው ለምን አይጠቅምም ብለው ጠይቀዋል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በቀለበታዊ ግርዶሽ ጊዜ የሚቀረው የፀሐይ ጠርዝ በአጠገቡ ያሉትን ከዋክብት ሙሉ በሙሉ ይሸፍናቸዋል። ጥያቄው ግን ጥሩ ጥያቄ ነበር፤ በትምህርታቸው ውስጥ የሚመልስላቸው ኮርስ ግን አልነበረም።

ችግሩ

በትምህርት ክፍሉ ጉባኤ ላይ ሦስት አቋሞች ተንጸባረቁ። አንድ አንጋፋ የቲዎሪ መምህር ቴንሰር (የቬክተርን ሐሳብ የሚያሰፋ፣ የቦታ-ጊዜ መጉበጥ የሚገለጽበት ሒሳብ) ያልተማረ ተማሪ ጄኔራል ሪላቲቪቲን ሊማር እንደማይችል፣ ስለዚህ ለማስተርስ መቆየት እንዳለበት አጥብቀው ተናገሩ። አንድ ወጣት መምህር ኮርሱ ግዴታ እንዲሆን ጠየቀ። ሌሎች ደግሞ በሞደርን ፊዚክስ ውስጥ አንድ ምዕራፍ ቢጨመር ይበቃል አሉ። ሦስቱም ወገኖች የተነጋገሩት ይገባዋል ወይስ አይገባውም በሚለው ላይ ስለነበር፣ ኮርሱ ከገባ የሚወጣው ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ለረጅም ጊዜ ሳይነሣ ቆየ። የክሬዲት ጣሪያ ስላለ አንድ ግዴታ ኮርስ ሲጨመር ሌላው መቀነስ አለበት፤ ሊቀነስ ይችላል ተብሎ የተነገረው ኤሌክትሮኒክስ ደግሞ አብዛኞቹ ተመራቂዎች በሥራ ቦታ በቀጥታ የሚፈልጉት ነው።

ይህ ክርክር የታሪክ መነሻም አለው ብዬ አምናለሁ። ከ1919 እ.ኤ.አ. በኋላ አንስታይን በዓለም ዙሪያ ቢታወቅም፣ ንድፈ ሐሳቡን የሚፈትኑ ሙከራዎች ለአሠርት ዓመታት ጥቂት ነበሩ፤ ትምህርቱም ከፊዚክስ ይልቅ ወደ ሒሳብ አዘንብሎ ቆየ። ነገሩ የተለወጠው በ1960ዎቹ ነው። በ1960 እ.ኤ.አ. በሃርቫርድ 22.5 ሜትር ከፍታ ባለው ግንብ ውስጥ የጋማ ጨረር ድግግሞሽ በስበት ምክንያት ሲለወጥ ተለካ፤ ኳሳሮች (እጅግ ብሩህ የጋላክሲ እምብርቶች) እና ፐልሳሮችም (በፍጥነት የሚሽከረከሩ የኒውትሮን ኮከቦች) በዚያው አሠርት ተገኙ። የመጀመሪያ ዲግሪው ቅርጽ ግን ከዚያ በፊት ኳንተም፣ ኑክሌርና ሶሊድ ስቴት ላይ ተተክሎ ነበር፤ ስበት ዘግይቶ ስለመጣ ባዶ ወንበር አላገኘም።

የመጀመሪያው ሙከራ፦ ሒሳቡ ቀድሞ

መምህሩ ትምህርቱን ጨርሶ ሲመለስ ኮርሱ በአራተኛው ዓመት የመጨረሻ ሴሚስተር በምርጫ ተከፈተ። ቅደም ተከተሉ የተለመደው ነበር፤ ቴንሰር፣ ኮቫሪያንት ዲሪቬቲቭ፣ የክሪስቶፈል ምልክቶች፣ የሪማን ቴንሰር (ሁሉም የጎበጠ ቦታ-ጊዜ የሒሳብ መሣሪያዎች)፣ ከዚያ የአንስታይን እኩልታ (ቁስና ኃይል ቦታ-ጊዜን እንዴት እንደሚያጎብጡ የሚገልጸው የመስክ እኩልታ)፣ በመጨረሻ የሽዋርዝሽልድ መፍትሔ (በአንድ ክብ አካል ዙሪያ ያለውን ቦታ-ጊዜ የሚገልጸው)። በአራት ልኬት ውስጥ የክሪስቶፈል ምልክቶች 40፣ የሪማን ቴንሰር ነጻ ክፍሎች 20 ስለሆኑ ሰሌዳው በኢንዴክስ ተሞላ። ሚድ ኤግዛሙ ሲታረም ተማሪዎቹ ኢንዴክስ ማውጣትና ማውረድ እንደቻሉ፣ ግን በነጻ የሚወድቅ ሰው የያዘው ሰዓት ምን ያነባል የሚል ጥያቄ ሲቀርብላቸው ከየት እንደሚጀምሩ እንደማያውቁ ታየ። የሽዋርዝሽልድ መፍትሔ የተደረሰው ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሲል ነው፤ የሜርኩሪ ምሕዋር፣ የብርሃን መታጠፍና ጥቁር ጉድጓድ፣ ማለትም ተማሪዎቹ ለእነርሱ ሲሉ የተመዘገቡባቸው ርዕሶች፣ በጥድፊያ ታለፉ። የመመረቂያ ፕሮጀክትና የመውጫ ፈተና ዝግጅትም በዚያው ሴሚስተር ስለነበሩ በርካቶች ትምህርቱን በግማሽ ልብ ተከታተሉት። በቀጣዩ ዓመት ኮርሱን የሚመርጥ ተማሪ እጅግ ቀነሰ።

አንጋፋው መምህር ይህን ሲያዩ ቀድመው የተናገሩት እንደተረጋገጠ ቆጠሩት። በእኔ አመለካከት ግን የተረጋገጠው ሌላ ነገር ነው። ተማሪዎቹ ቴንሰርን ተምረዋል፤ ያልተማሩት ፊዚክሱን ነው።

ሁለተኛው ሙከራ፦ አንድ ምዕራፍ

ኮርሱ በዚያ ዓመት ሳይከፈት ሲቀር፣ በሞደርን ፊዚክስ መጨረሻ ላይ አጭር ምዕራፍ ተጨመረ። የአቻነት መርህ (በትንሽ ቦታ ውስጥ ስበትና ፍጥንጥነት አይለዩም የሚለው)፣ የተወጠረ ላስቲክ ሥዕል (ከባድ ኳስ ያጎበጠው ላስቲክ የስበት ምሳሌ የሚሆንበት)፣ የጥቁር ጉድጓድ ፎቶ ነበሩበት። ተማሪዎች ወደዱት፤ መምህሩም ወደደው። ፈተና ላይ ግን ሊጠየቅ የሚችለው ትርጉምና ታሪክ ብቻ ሆነ።

የላስቲኩ ሥዕል ራሱ ጉዳት አለው። የሚያሳየው የቦታን መጉበጥ ብቻ ነው፤ በዝግታ ለሚንቀሳቀስ ነገር፣ ለምሳሌ ከእጅ ለተለቀቀ ድንጋይ፣ መውደቁን የሚወስነው ግን በዋናነት ሰዓቶች በተለያየ ከፍታ በተለያየ ፍጥነት መሄዳቸው ነው። በላስቲኩ ላይ ኳሱ ወደ መሐል የሚንከባለለውም ከታች የሚስበው የተለመደ ስበት ስላለ ነው፤ ስለዚህ ሥዕሉ ሊያብራራ የመጣውን ነገር አስቀድሞ ይበደረዋል። ይህን አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ በክፍል ውስጥ አንሥቶት ነበር።

ከምዕራፉ አንድ ነገር ብቻ ተርፎ ለቀጣዩ ደረጃ አገለገለ፤ እርሱም የሰዓት ስሌት ነው። ሁለት ሰዓቶች በከፍታ ሲለያዩ የፍጥነታቸው አንጻራዊ ልዩነት የስበት ፍጥንጥነት በከፍታው ልዩነት ተባዝቶ ለብርሃን ፍጥነት ስኩዌር ሲካፈል ይገኛል። ከባሕር ወለል 4,550 ሜትር ገደማ ከፍ ባለው ራስ ዳሽን ላይ የተቀመጠ ሰዓት፣ ከባሕር ወለል 120 ሜትር ገደማ ዝቅ ባለው ዳሎል ካለው ሰዓት በቀን ወደ 44 ናኖሰከንድ ይቀድማል። ይህን ለማስላት ከአቻነት መርህና ከሁለተኛ ደረጃ አልጀብራ ሌላ አያስፈልግም፤ ውጤቱም በዛሬ አቶሚክ ሰዓቶች የሚለካ ነው። ቀጥሎ የጂፒኤስ ስሌት ይመጣል። በ20,200 ኪሎሜትር ከፍታ የሚዞሩት ሳተላይቶች ሰዓት በስበት ምክንያት በቀን 45 ማይክሮሰከንድ ገደማ ይቀድማል፣ በፍጥነታቸው ምክንያት 7 ገደማ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ልዩነቱ 38 ማይክሮሰከንድ በብርሃን ፍጥነት ሲባዛ በቀን ከ11 ኪሎሜትር በላይ የርቀት ስሕተት ይሆናል።

የተወሰደው እርምጃ

ለውጡ የመጣው ኮሚቴው የቅድመ ሁኔታውን ጥያቄ በሌላ መልክ ሲጠይቅ ነው። ጄኔራል ሪላቲቪቲን ለመጀመር ቴንሰር ያስፈልጋል ከማለት ይልቅ፣ የሽዋርዝሽልድ ሜትሪክ፣ ማለትም የዚያ መፍትሔ የቦታ-ጊዜ ርቀት ቀመር፣ ተሰጥቶት ምሕዋር የሚያሰላ ተማሪ በእርግጥ ምን ማወቅ አለበት ተብሎ ተጠየቀ። መልሱ ሁለት ነገሮች ሆነ። አንደኛው የቦታ-ጊዜ ርቀትን የያዘ ስፔሻል ሪላቲቪቲ ነው። ሁለተኛው ላግራንዥያን፣ ማለትም የእንቅስቃሴን እኩልታ ከአንድ ፈንክሽን የሚያወጣው ዘዴ፣ ነው፤ ምክንያቱም ነጻ ቅንጣት የሚከተለው ጂኦዴሲክ የራሱን ሰዓት ንባብ ጽንፍ የሚያደርግ መንገድ ስለሆነ፣ በክላሲካል ሜካኒክስ የተማሩት የኦይለር-ላግራንዥ እኩልታ እንዳለ ይሠራል። ሜትሪኩ በጊዜና በዞር ማዕዘን ላይ ስለማይመሠረት ኃይል (ኢነርጂ) እና ማዕዘናዊ ሞመንተም ተጠብቀው ይገኛሉ፤ ይህንንም ተማሪዎቹ በሦስተኛ ዓመት ያውቁታል። ከክሪስቶፈል ምልክቶች አንዱንም ሳይጽፉ ምሕዋሩ ይወጣል።

በዚህ መሠረት ንድፈ ሐሳቡ በአንድ ቦታ ከመከማቸት ይልቅ በሦስት ቦታ ተከፋፈለ። በሞደርን ፊዚክስ የአቻነት መርህና የሰዓት ስሌቶቹ ብቻ ቀሩ፤ ከዚያ በላይ ግን የስፔሻል ሪላቲቪቲው ክፍል በቦታ-ጊዜ ዲያግራምና በማይለወጠው ርቀት ዙሪያ እንደገና ተጻፈ። በክላሲካል ሜካኒክስ ውስጥ በሉል ላይ አጭሩን መንገድ መፈለግ የቫሪዬሽን መልመጃ ሆኖ ገባ፤ የማዕከላዊ ኃይል ምዕራፍም ጄኔራል ሪላቲቪቲ በኒውተን ስበት ላይ የሚጨምረውን አባል በሚመለከት አሳይመንት ተዘጋ። ሙሉው ኮርስ በምርጫነት ቀጠለ፤ ቦታው ግን ከመጨረሻው ሴሚስተር ወደ አራተኛው ዓመት የመጀመሪያ ሴሚስተር ተዛወረ፣ ሜትሪኩም ከመጀመሪያው ተሰጥቶ የመስክ እኩልታው ወደ መጨረሻ ሄደ።

ግዴታ እንዲሆን የጠየቀው መምህር በዚህ ሙሉ በሙሉ አልረካም። እኔ በምርጫነት መቆየቱን ደግፌያለሁ፤ ከተመራቂዎቹ አብዛኞቹ ወደ ማስተማርና ወደ ሌላ ሥራ የሚሄዱ ስለሆኑ፣ ለሁሉም የሚገባው የሰዓቱና የአቻነት መርሁ ክፍል ነው፣ እርሱም አሁን በግዴታ ኮርስ ውስጥ አለ።

የሠራው

ከሁሉ ይልቅ የሠራው የኢፌክቲቭ ፖቴንሽያል መንገድ፣ ማለትም ምሕዋርን ከርቀት ጋር በሚለዋወጥ አንድ የኃይል (ኢነርጂ) ግራፍ ማንበብ፣ ነው። ተማሪው በኒውተን ስበት ሁለት አባላትን ያውቃል፤ ወደ መሐል የሚስበውንና ከማዕዘናዊ ሞመንተም የሚመጣውን ገፊ አባል። በሽዋርዝሽልድ ሜትሪክ ደግሞ ከርቀት ኩብ ጋር በተገላቢጦሽ የሚሄድ አንድ ሳቢ አባል ይጨመራል። ከዚህ አንድ አባል ሁለት ትልልቅ ውጤቶች ይወጣሉ። ርቀቱ ትልቅ ሲሆን ምሕዋሩ በትክክል አይዘጋም፤ ለሜርኩሪ ሲሰላ በየዙሩ የሚጨመረው ማዕዘን እጅግ ትንሽ ቢሆንም ፕላኔቷ በመቶ ዓመት ውስጥ 415 ጊዜ ያህል ስለምትዞር ድምሩ 43 አርክሰከንድ (አንድ አርክሰከንድ የዲግሪ 1/3600 ነው) ይደርሳል፣ ይህም ከአንስታይን በፊት የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ምክንያቱን ያጡለት ቁጥር ነው። ርቀቱ ትንሽ ሲሆን ደግሞ ገፊው አባል ይሸነፋል፤ ከሽዋርዝሽልድ ሬዲየስ፣ ማለትም ብርሃን እንኳ ከማያመልጥበት ወሰን፣ ሦስት እጥፍ በታች የረጋ ክብ ምሕዋር የለም። ተማሪዎቹ ግራፉን በእጃቸው ስለው ይህን ሲያዩ ጥቁር ጉድጓድ ከሚያውቁት የኬፕለር ችግር (የፕላኔት ምሕዋር ስሌት) ጥቂት እልፍ ብሎ የሚገኝ ነገር ሆነላቸው።

የብርሃን መታጠፍም በዚሁ መንገድ ተሠራ። ብርሃንን እንደ ኒውተን ቅንጣት ቆጥሮ የሚገኘው ማዕዘን በፀሐይ ጠርዝ ላይ 0.87 አርክሰከንድ ገደማ ነው፤ የጄኔራል ሪላቲቪቲ መልስ እጥፉ፣ 1.75 ነው። ግማሹ ከጊዜው ክፍል፣ ግማሹ ከቦታው መጉበጥ እንደሚመጣ ሲታይ የላስቲኩ ሥዕል የት እንደሚጠቅምና የት እንደሚያሳስት አብሮ ተመለሰ። ከክላሲካል ሜካኒክስ መምህሩም ያልተጠበቀ አስተያየት መጣ፤ ተማሪዎች ላግራንዥያንን የፑሊና የፔንዱለም መፍቻ ብቻ አድርገው ማየታቸውን ቀንሰዋል አለ።

ያልሠራው

የኮኦርዲኔት፣ ማለትም ቦታንና ጊዜን የምንሰይምባቸው ቁጥሮች፣ ጉዳይ ብዙ አስቸግሯል። ሜትሪኩ ተሰጥቶ ሲጀመር ተማሪው በውስጡ ያለውን የራዲየስ ፊደል በሜትር የሚለካ ርቀት፣ የጊዜውን ፊደል ደግሞ አንድ ሰው በሰዓቱ የሚያነበው ጊዜ አድርጎ ይወስዳል። ወደ ጥቁር ጉድጓድ የሚወድቅ ሰው ሰዓት በሽዋርዝሽልድ ሬዲየስ ላይ ይቆማል ወይ ተብሎ በፋይናል ሲጠየቅ ብዙዎቹ ይቆማል ብለው መለሱ። እንዲያውም የወዳቂው ሰዓት ምንም ሳይሆን ያልፋል፤ ወሰን የሚያጣው የሩቅ ተመልካች የጊዜ ኮኦርዲኔት ነው። በቀጣዩ ዙር መምህሩ ከሽዋርዝሽልድ በፊት ጠፍጣፋውን ቦታ-ጊዜ ሆን ብሎ በተጣመሙ ኮኦርዲኔቶች እያስጻፈ አለማመዳቸው፤ ሁኔታው ተሻሻለ፣ ግን አልተፈታም።

የመስክ እኩልታው ክፍልም ደካማ ሆኖ ቆይቷል። ተማሪዎች በፓይተን የኮምፒውተር ቋንቋ የሪቺን ቴንሰር (ከሪማን ቴንሰር የሚወጣውን የመጉበጥ መለኪያ) አስልተው ሽዋርዝሽልድ በባዶ ቦታ እኩልታውን እንደሚያሟላ ያረጋግጣሉ፤ የእኩልታው ግራ ወገን ለምን ያንን መልክ እንደያዘ ግን አይገልጹም። መብራት በጠፋ ቁጥር የኮምፒውተር ላቡ ክፍለ ጊዜ ይተላለፍ ስለነበር ማረጋገጡም ራሱ ለአንዳንዶች የተገለበጠ ሥራ ሆኗል። የተሻለው መንገድ ከታይዳል ኃይል፣ ማለትም ስበት ከቦታ ቦታ በመለያየቱ ከሚመጣው መለጠጥና መጭመቅ፣ መጀመር ሆነ፤ በእረፍት የተለቀቁ፣ በነጻ የሚወድቁ ቅንጣቶች ያሉበት አንዲት ትንሽ ኳስ ይዘቷ በምን ፍጥንጥነት እንደሚቀንስ በውስጧ ያለው የኃይል (ኢነርጂ) እፍጋትና ግፊት ይወስነዋል፣ በባዶ ቦታ ግን ቅርጿ ይለወጣል እንጂ ይዘቷ መቀነስ አይጀምርም። ይህ አቀራረብ በቃላት የሚነገር እኩልታ ስለሚሰጥ ተማሪው ቢያንስ የሚከራከርበት ነገር ይይዛል።

የስበት ሞገድ ግን ለዚህ ደረጃ አልተመቸም። ተማሪዎች የመለኪያ መሣሪያው የ4 ኪሎሜትር ክንድ ርዝመት ከፕሮቶን እጅግ ባነሰ መጠን ሲለዋወጥ መለካቱን ያደንቃሉ፤ የሞገዱን እኩልታ ግን ከመስክ እኩልታው ሳያወጡ ተቀብለው ይሸመድዱታል። ኮሚቴው ርዕሱን ወደ ሴሚናር እንዲወጣ ወስኗል።

ለሌሎች ትምህርት ክፍሎች

ከዚህ ጉዳይ ወደ ሌላ ቦታ ሊወሰድ የሚችለው በመጀመሪያ የጥያቄው አቀራረብ ነው። አንድ ርዕስ ለተማሪው ከባድ ነው ሲባል፣ ከባድ የሆነው ርዕሱ ነው ወይስ መጻሕፍት የሚጀምሩበት ቦታ ብሎ መለየት ያስፈልጋል። በዚህ ትምህርት ክፍል ላግራንዥያን ሦስተኛ ዓመት ላይ በሚገባ ስለሚሰጥ በሩ እዚያ ተገኘ፤ ክላሲካል ሜካኒክስ ደክሞ በሚሰጥበት ትምህርት ክፍል ግን ይኸው ቅደም ተከተል ላይሠራ ይችላል፣ ያ ሳይስተካከልም ኮርሱን መክፈት አይመከርም።

በትንሽ ወጪ ብዙ ያስገኘው የስፔሻል ሪላቲቪቲው እንደገና መጻፍ ነው። አዲስ ኮርስም፣ አዲስ ክሬዲትም፣ የሴኔት ውሳኔም አልጠየቀም፤ ጄኔራል ሪላቲቪቲን ፈጽሞ ለማይወስደው ተማሪም ኤሌክትሮዳይናሚክስን አቅልሎለታል። ምርጫ ኮርስ መክፈት የማይችል ትምህርት ክፍል ከዚህ ብቻ ቢጀምር ይጠቅመዋል።

የጊዜ ሰሌዳውም ከይዘቱ ያላነሰ ለውጥ አምጥቷል። የመውጫ ፈተናው ባለበት ሁኔታ በመጨረሻ ሴሚስተር የሚሰጥ፣ በፈተናው የማይካተት ኮርስ ተማሪውን ከራሱ ጥቅም ጋር ያጋጨዋል።

ሳይፈታ የቀረው የሰው ኃይል ነው። ኮርሱ አንድ ጊዜ የተቋረጠው አንድ መምህር በመሄዱ ስለሆነ፣ አሁን የክላሲካል ሜካኒክሱ መምህር ከፊሉን ክፍለ ጊዜ አብሮ ያስተምራል፣ የሌክቸር ማስታወሻዎቹ፣ የአሳይመንት መልሶቹና የፓይተን ፋይሎቹም በትምህርት ክፍሉ ኮምፒውተር ተቀምጠዋል። ሁለተኛው መምህር እስከ ምሕዋሩና እስከ ብርሃን መታጠፍ ድረስ ብቻውን ሊያስተምር ይችላል፤ የመስክ እኩልታውን ክፍል ለመያዝ ግን ገና እየተዘጋጀ ነው።